እርሳስ የሌለበት እርሳስ

አማርኛችን ጥይት የሚሠራበትን ከባድ ብረትም፣ ተማሪ ጆሮው ላይ የሚሰካውን ቀጭን እንጨትም «እርሳስ» ይላቸዋል። ስሕተቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ዓረቡም፣ ጀርመኑም፣ እንግሊዙም መጻፊያውን ከብረቱ ጋር አዛምደው ነው የሰየሙት። በእርሳስ ውስጥ ግን እርሳስ የለም። ያለው ግራፋይት ነው፤ የከሰልና የአልማዝ ዘመድ። የስሙ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ጣሊያኖች «ላፒስ» የሚሉት እርሳሱን ነው፤ እኛ «ላጲስ» ብለን የምናጠፋበት ሆኗል።

ከስሙ በላይ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ማንም ሰው የሥዕል ትምህርት ቤት ሲባል ወረቀት፣ እርሳስና ፊት ለፊት የቆመ ሞዴል ይታየዋል። ሚካኤል አንጄሎም እንዲሁ እርሳስ ይዞ የተቀመጠ ይመስለናል። አልተቀመጠም። የአውሮፓ የሥዕል አካዴሚዎች ከተመሠረቱ በኋላ እንኳ ከ200 ዓመት በላይ የሰው ገላ በዋናነት የተነደፈው በጠመኔና በከሰል ነበር። እርሳስ ወደ ቦታው የገባው ዘግይቶ ነው፤ የገባበት መንገድ ደግሞ በእረኞች፣ በመድፍ ጥይትና በባሕር ከበባ በኩል ያልፋል። (ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1400 እስከ 1600፦ የብር ጫፍና ቀይ ጠመኔ

በ1400 ገደማ ቼኒኖ ቼኒኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ለጀማሪ ደቀ መዝሙር የሚሆን የሙያ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ምክሩ እንዲህ ይሄዳል፦ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ አለስልስ፤ የዶሮ አጥንት አቃጥለህ ፍጨው፤ ዱቄቱን በምራቅህ ለውሰህ ሰሌዳውን ቀባው፤ ሲደርቅ በብር ዘንግ ሣልበት። ብሩ የአጥንቱ ሻካራ ገጽ ላይ ሲሄድ ስስ ግራጫ መስመር ይተዋል። መስመሩ በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ ተማሪው እጁን ከማንቀሳቀሱ በፊት ዓይኑን ማሠራት ነበረበት። የዛሬው ተማሪ በላጲስ ተማምኖ የሚሠራውን ሥራ የያኔው በፍርሃት ነበር የሚሠራው ማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ የሠዓሊዎቹ ፍላጎት ተለወጠ። ጡንቻ፣ ክብደት፣ የሚጠማዘዝ ወገብ ማሳየት ፈለጉ፤ የብር ጫፍ ለዚህ ቀጭን ሆነባቸው። ቀይና ጥቁር ጠመኔ መጣ። ሚካኤል አንጄሎ ለሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ የሊቢያይቱን ትንቢተኛ ሲያጠና የሠራውና ዛሬ ኒውዮርክ የሚገኘው ንድፍ በቀይ ጠመኔ ነው። ትንቢተኛዋ ሴት ናት፤ ንድፉ ላይ ያለው ጀርባ ግን የወንድ ነው። ሞዴሉ ወንድ ነበርና።

በ1563 በሠዓሊው ጆርጆ ቫሳሪ አነሣሽነትና በከተማዋ ገዥ በኮሲሞ ደ ሜዲቺ ድጋፍ ፍሎረንስ ውስጥ የመጀመሪያው የሥነ ጥበብ አካዴሚ ተከፈተ። የስሙ ማዕከል «ዲሴኞ» የሚለው ቃል ነበር፤ የእኛ «ንድፍ» በደንብ ይተካዋል፤ በእጅ የተሣለውንም በአእምሮ የታቀደውንም ይይዛልና። የአካዴሚው ክርክር አጭር ነበር፦ ሠዓሊ ከአናጺና ከቀለም ቀቢ ጋር የሚቆጠር ባለሙያ አይደለም፤ የሚያስብ ሰው ነው፤ ማሰቡም የሚታየው በንድፉ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ቦሎኛ ውስጥ የካራቺ ቤተሰብ ሦስት ሠዓሊዎች የራሳቸውን አካዴሚ አቋቁመው ሰው ራቁቱን እያቆሙ በየጊዜው ማጥናትን የትምህርቱ እምብርት አደረጉት። በጠመኔ፣ እርግጥ ነው።

1560ዎቹ፦ የበግ ምልክት

በዚያው ዘመን በሰሜን እንግሊዝ ቦሮውዴል በሚባል ዝናባማ ሸለቆ እረኞች የሚያብረቀርቅ ለስላሳ ጥቁር ድንጋይ አገኙ። እጅ ያጠቁራል፤ በግ ላይ ምልክት ለማድረግ ይመቻል። በ1565 የስዊሱ ተመራማሪ ኮንራድ ጌስነር በእንጨት እጀታ ውስጥ የገባ እንዲህ ያለ መጻፊያ በሥዕል አስደግፎ ገልጾታል። ሰዎች ድንጋዩን የእርሳስ ብረት ዓይነት ነው ብለው «ጥቁር እርሳስ» አሉት። ካርቦን መሆኑን የስዊድኑ ኬሚስት ሼሌ ያሳየው በ1779 ነው፤ በ1789 ጀርመናዊው ቬርነር «መጻፍ» ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ ግራፋይት አለው። በሳይንስ ስሙ ታረመ፤ በየአገሩ አፍ ላይ ግን እርሳስ እንደተባለ ቀረ።

ታዲያ ይህ ድንጋይ ለምን ቶሎ ወደ ሥዕል ክፍሉ አልገባም? አንደኛ ነገር፣ ባለቤቶቹ ከሥዕል የበለጠ ጥቅም አግኝተውለት ነበር። የመድፍ ጥይት ቀልጦ የሚፈስበትን ቅርጽ ውስጡን በግራፋይት ቢቀቡት ጥይቱ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፤ የለሰለሰ ጥይት ደግሞ ራቅ ብሎ ይመታል። ስለዚህ የጦር ዕቃ ሆነ። ጉድጓዱ በየተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፈት ነበር፤ የቀረውን ጊዜ በዘበኛ ይጠበቃል። በ1752 የእንግሊዝ ፓርላማ ድንጋዩን የሰረቀ በከባድ ወንጀል እንዲቀጣ ሕግ አወጣ።

ሁለተኛው ምክንያት በራሱ በድንጋዩ ጠባይ ነው። ከተፈጥሮ ጉብ ተሰንጥቆ የሚወጣው ግራፋይት ጥንካሬው ሠዓሊው እንደመረጠው አይሆንም፤ እንደተገኘ ነው። ጥቁረቱም ድካ አለው። ደጋግመው ሲጫኑት እንደ መጥቆር ፈንታ ማብለጭለጭ ይጀምራል። ቁመቱ ግማሽ ሜትር የሚያልፍ ወረቀት ላይ በመብራት ለሚሠራ ተማሪ ይህ ጉድለት ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ እነዴቪድ ሎጋን በስስ ብራና ላይ መዳፍ የምታክል የፊት ሥዕል በግራፋይት እየሠሩ ስም አውጥተዋል፤ የቀረው ሠዓሊ ግን ግራፋይትን የሚፈልገው ኋላ በቀለም የሚሸፈን የመነሻ መስመር ለማስመር ነበር።

ከ1648 እስከ 1793፦ ሥዕሉ የትምህርት ቤቱን ስም ወሰደ

የፓሪሱ ንጉሣዊ አካዴሚ በ1648 ሲመሠረት የሰውን ገላ መንደፍ ከልምድነት ወደ ሥርዓት ተሸጋገረ። ሻርል ለ ብሩን የመራው ይህ ተቋም ከሕያው ሞዴል ማስተማርን በፓሪስ የብቻው መብት አደረገው። ተማሪው በቀጥታ ሞዴል ፊት አይቀርብም። መጀመሪያ የታተሙ ሥዕሎችን ይገለብጣል፤ አፍንጫ፣ ጆሮ፣ እግር እያለ። ቀጥሎ ከጥንት የግሪክና የሮም ሐውልቶች የተወሰዱ የጄሶ ቅጂዎችን ይነድፋል። እነዚህን ሲወጣ ነው ሰው ዘንድ የሚደርሰው።

ክፍሉን እንየው። ሞዴሉ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ነው፤ ሁልጊዜም ወንድ። ክንዱን ወደ ላይ እንዳነሣ እንዲቆይ ከጣሪያ የወረደ ገመድ ይይዛል፤ ወይም በዱላ ይደገፋል። ኋላ ሥዕሉ ሲያልቅ ገመዱ ጦር ወይም የመርከብ ሸራ ገመድ ይሆናል፤ ሰውየውም ሄርኩለስ። በየወሩ የሚቀያየር ፕሮፌሰር አቋሙን ይወስናል። ተማሪዎቹ ዙሪያውን በግማሽ ክብ በተደረደሩ መቀመጫዎች ተቀምጠው በቀን ሁለት ሰዓት ይሠራሉ። ጉልበታቸው ላይ ሰሌዳ፣ እጃቸው ላይ ቀይ ወይም ጥቁር ጠመኔ። ለማጥፊያ የዳቦ ልብ አለ። የሚወጣው ሥዕል ራሱ «አካዴሚ» መባል ጀመረ፤ ተቋሙና የልምምድ ሥራው ስም ተጋሩ።

ይህ ሥርዓት ወደ ፒተርስበርግ፣ ወደ ቪየና፣ ወደ ማድሪድ ተቀዳ። በ1768 ለንደን ላይ ሮያል አካዴሚ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞዘር። ሠዓሊው ዮሐን ዞፋኒ ብዙም ሳይቆይ አባላቱን በሞዴል ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ሲሥል ግን አንድ ችግር ገጠመው፦ ሴቶቹ ራቁት ወንድ ባለበት ክፍል መገኘት አይችሉም። መፍትሔው ሁለቱን በግድግዳ ላይ በተሰቀሉ የፊት ሥዕሎች አድርጎ ማስገባት ሆነ። መሥራች ሆነው በገዛ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ስለ አካዴሚው ሴቶችን ማግለል የተጻፈ ብዙ አለ፤ እንደዚህ ሸራ የሚያሳብቅ ግን አላየሁም።

በእርሳስ በኩል አንድ ትንሽ ነገር የተለወጠው በዚሁ ጊዜ ነው። በ1770 እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆሴፍ ፕሪስትሊ ስለ ዕይታ ሕግ በጻፈው መጽሐፍ፣ የጥቁር እርሳስን መስመር ከወረቀት ጠርጎ የሚያነሣ ነገር ማየቱን ይገልጻል። ጎማ ነው። ከአንድ ኢንች ግማሽ የምትሆን ቁራጭ ዋጋ 3 ሽልንግ ነበር፤ ብዙ ዓመት ታገለግላለች ሲል አክሏል። ላጲስ ተወለደ።

ከ1793 እስከ 1795፦ አንድ ዓይና ሠዓሊ

በ1793 ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ ሆኑ። በየካቲት ፈረንሳይና እንግሊዝ ጦርነት ገጠሙ፤ በባሕር ከበባው የቦሮውዴል ግራፋይት ወደ ፈረንሳይ መግባቱ ተቋረጠ። በነሐሴ ደግሞ አብዮታዊው ምክር ቤት፣ በሠዓሊው ዣክ ሉዊ ዳቪድ ግፊት፣ ንጉሣዊውን አካዴሚ አፈረሰው። ጠመኔ የነገሠበት ቤት ሲዘጋ እርሳስም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

እርሳስ የሌለው ጦር ደግሞ ካርታ አይነድፍም፤ መሐንዲሱ ምሽግ አያሰላም። የጦሩ አደራጅ ላዛር ካርኖ ጉዳዩን ለኒኮላ ዣክ ኮንቴ ሰጠው። ኮንቴ በወጣትነቱ የፊት ሥዕል እየሠራ ይኖር የነበረ፣ ኋላ ወደ ፈጠራና ወደ ጦር ባሉን የዞረ ሰው ነው። በባሉን ጋዝ ሙከራ ላይ በደረሰ ፍንዳታ ግራ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር።

ያደረገው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ንጹሕ ድንጋይ ከሌለ ርካሹንና የተፈረካከሰውን ግራፋይት ፈጨው፤ ከሸክላ አፈር ጋር በውኃ ለወሰው፤ ቀጭን ዘንግ አድርጎ አወጣው፤ በምድጃ ተኮሰው፤ በእንጨት አለበሰው። የጀበና ሠሪዎቻችን ሙያ ነው ማለት ይቻላል። በ1795 የፈጠራ መብቱን አገኘ።

የኮንቴ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር የእንግሊዝን ድንጋይ መተካቱ አይመስለኝም። ሸክላው ሲበዛ ዘንጉ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይነጣል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። ጥንካሬ ከእንግዲህ የተራራ ዕድል ሳይሆን የለዋሹ ውሳኔ ሆነ። ዛሬ እርሳስ ላይ «ኤች» እና «ቢ» የሚሉ ፊደሎች የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው። ሠዓሊው የገላውን ብርሃናማ ጎን በጠንካራው፣ ብብቱንና አንገት ሥሩን በለስላሳው ሊሠራ ቻለ። በጠመኔ የሚገኘውን የጥላ ደረጃ ባያክልም፣ ጠመኔ የማይደርስበትን ጥራት አገኘ።

ከ1806 እስከ 1867፦ አንግር ያፈረበት እንጀራ

መሣሪያው ተገኘ፤ ሰው ቀረው። ሰውየው ዣን ኦጉስት ዶሚኒክ አንግር ነው። በሞንቶባን በ1780 ተወለደ፤ በዳቪድ ስቱዲዮ ተማረ፤ በ1801 በመንግሥት ወጪ ሮም ሄዶ ለመማር የሚያበቃውን የሮም ሽልማት አሸንፎ፣ መንግሥት ገንዘብ ስላልነበረው አምስት ዓመት ጠብቆ፣ በ1806 ሮም ገባ። በ1815 ናፖሊዮን ሲወድቅ በሮም የነበሩት ፈረንሳውያን ደንበኞቹ ነቅለው ሄዱ። ሚስት አግብቷል፤ ገቢ የለውም። በጉብኝት ለሚመጡ ባለጸጎች፣ በተለይ ለእንግሊዞች፣ በእርሳስ የፊት ሥዕል እየሠራ መተዳደር ጀመረ።

አልወደደውም። አንድ እንግዳ በሩን አንኳኩቶ ትንንሽ የፊት ሥዕል የሚሠራው ሰው የሚኖረው እዚህ እንደሆነ ቢጠይቀው፣ እዚህ የሚኖረው ሠዓሊ ነው ብሎ እንደመለሰለት ይነገራል። ለእርሱ ሥዕል ማለት ታሪክና አማልክት ያሉበት ትልቅ ሸራ ነበር። ታሪክ ግን ፍርዱን ገለበጠው። ከእጁ የወጡት 450 ያህል የእርሳስ የፊት ሥዕሎች ዛሬ ከብዙዎቹ ሸራዎቹ በላይ ይወደዳሉ።

በ1819 የቫዮሊኑን ሊቅ ፓጋኒኒን የሠራበትን፣ ሉቭር ሙዚየም የሚገኘውን ሥዕል እንውሰድ። ፊቱ በጣም በሾለ እርሳስ፣ ጭረቱ እስከማይለይ ድረስ ተሟልቶ ተሠርቷል። ወደ ልብሱ ሲወርዱ መስመሩ ነፃ ይወጣል፤ የካፖርቱ እጅጌ በጥቂት ፈጣን መስመሮች ያልቃል፤ የቀረው ባዶ ወረቀት ነው። ሆኖም ከእጅጌው ውስጥ ክንድ እንዳለ አይጠራጠሩም። አንግር ጥቁረትን ከእርሳስ አልጠየቀም። ሊሰጥ የሚችለውን፣ መስመርን፣ ጠየቀ። በአካዴሚ 150 ዓመት የተጠናው ገላ በጥላ ሳይሆን በጠርዝ ሊነገር እንደሚችል ያሳየ እርሱ ነው።

እንዲያም ሆኖ የአካል ጥናቱን ሲያስፈልገው ይረሳዋል። በ1819 ለፓሪስ ሕዝብ የቀረበችው ራቁት ሴት፣ «ታላቋ ኦዳሊስክ»፣ ጀርባዋ ረዘመ፤ ተቺዎች ሦስት ትርፍ የአከርካሪ አጥንት ቆጠሩባት። ንድፍ የሥነ ጥበብ ሐቀኝነት ነው ይል የነበረው ሰው ለመስመሩ ውበት ሲል አጥንት ጨመረ።

በ1824 ወደ ፓሪስ ሲመለስ ዝናው ናኘ፤ አብዮቱ ካፈረሰው አካዴሚ በኋላ በቆመው በኤኮል ደ ቦዛር ፕሮፌሰር ሆነ፤ ከ1835 እስከ 1841 ደግሞ በሮም የፈረንሳይ አካዴሚን መራ። ለ«ወርቃማው ዘመን» የግድግዳ ሥዕል ራቁት ሰዎችን በመቶዎች በሚቆጠሩ ንድፎች አጠና፤ ብዙዎቹ በእርሳስ ናቸው፤ ግድግዳው ግን ሳይጠናቀቅ ቀረ። በ1855 ወጣቱ ሠዓሊ ዴጋ ሊጎበኘው ሄዶ፣ መስመር ሥራ፣ ብዙ መስመር የሚል ምክር ይዞ ተመለሰ። አንግር በ1867 ሲሞት ለትውልድ ከተማው የተዋቸው ንድፎች ከ4,000 በላይ ነበሩ።

ከ1866 እስከ 1897፦ በፖስታ የሚሄድ ትምህርት ቤት

የአንግር መስመር አሸነፈ ማለት ግን አይደለም። በምዕተ ዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የፈረንሳይ ስቱዲዮዎች ለገላ ጥናት ወደ ከሰል አዘነበሉ፤ ፈጣን ነውና፣ ጥላውም ሰፊ ነውና። ከ1866 እስከ 1871 ሠዓሊው ሻርል ባርግ ከዣን ሌዮን ዤሮም ጋር ያዘጋጀው «ኩር ደ ደሳን» የተባለ የሥዕል ትምህርት 197 ትልልቅ የሊቶግራፍ ገጾች ሆኖ በጉፒል ማተሚያ ቤት ወጣ፦ መጀመሪያ የጄሶ ቅጂዎች፣ ቀጥሎ የታላላቅ ሠዓሊዎች ንድፍ፣ በመጨረሻ ራቁት ወንዶች። የፓሪስ ሥርዓት በጥቅል ተጠቅልሎ መጓዝ ቻለ። በ1880 ሥራ አጥቶ በቤልጅየም የከሰል ማዕድን ሠፈር የነበረው ቪንሰንት ቫን ጎህ ገጾቹን ተውሶ አንድ በአንድ ገለበጠ፤ በ1890 ከመሞቱ በፊትም እንደገና ወደ እነርሱ ተመለሰ። አካዴሚን ሰባበረ የምንለው ሰው ማለት ነው።

በሩ ለሴቶችም በዚሁ ዘመን ተከፈተ፤ ግን በግፊያ ነው። በ1868 የተቋቋመው የግል ትምህርት ቤት አካዴሚ ዡልየን ሴቶችን ከሕያው ሞዴል ያስተምር ነበር። በ1886 አሜሪካ ፊላደልፊያ ላይ የሥዕል መምህሩ ቶማስ ኢኪንስ ሴት ተማሪዎች ባሉበት ክፍል የወንድ ሞዴልን ግልድም በማንሣቱ ከሥራው እንዲለቅ ተደረገ። ኤኮል ደ ቦዛር ሴቶችን የተቀበለው በ1897 ነው።

ከ1872 በኋላ፦ ከፒተርስበርግ እስከ አዲስ አበባ

እርሳስ በገላ ጥናት ላይ ሥር የሰደደው ከፓሪስ ይልቅ በሩስያ ይመስለኛል። በ1757 የተመሠረተው የፒተርስበርግ አካዴሚ የፈረንሳይን ደረጃዎች ወስዶ ነበር። ከ1872 ጀምሮ ያስተማረው ፓቬል ቺስቲያኮቭ ግን ጥያቄውን ለወጠ። ጠርዙን ከመከተል ይልቅ ጭንቅላት በቦታ ውስጥ እንደቆመ ቅርጽ፣ በገጾች የተገነባ ነገር ሆኖ እንዲታሰብ አስገደደ። ታላላቆቹ የሩስያ ሠዓሊዎች ሬፒን፣ ሱሪኮቭ፣ ሴሮቭና ቭሩቤል በእርሱ እጅ አልፈዋል። ለእንዲህ ያለ ግንባታ በሹል እርሳስ መሥራት፣ ማረምና መደራረብ ይመቻል። በ1930ዎቹ የሶቪየት መንግሥት የቆየውን አካዴሚያዊ ሥርዓት መልሶ ሲያቆም ይህ መንገድ ሕግ ሆነ፦ አንድ ሞዴል፣ አንድ አቋም፣ ለሳምንታት፣ በእርሳስ። አብዛኛው ምዕራብ የጄሶ ሐውልቶቹን በሚጥልበት ዘመን ሌኒንግራድ፣ የቀድሞዋ ፒተርስበርግ፣ ጠብቃ አቆየቻቸው።

ወደ እኛ የመጣው በሁለት በር ነው። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምሮ ተመልሶ በእኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁም ከሚታይ ነገር መንደፍን መሠረት አደረገ። በደርግ ዘመን ደግሞ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች በሶቪየት ኅብረት ተማሩ። ታደሰ መስፍን ሌኒንግራድ በሬፒን ስም በሚጠራው አካዴሚ ተምሮ ሲመለስ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተማረ። ዛሬ በምናያቸው ሥዕሎቹ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙት የገበያ ሴቶች ዳራቸው ቢረቅም አቋማቸው አይናወጥም፤ ከሥር ያንን ያህል ሰዓት የተነደፈ አጥንት አለ።

በምዕራቡም ነገሩ ተመልሷል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሚኒያፖሊስ፣ በ1990ዎቹ በፍሎረንስ የተከፈቱ ትንንሽ ስቱዲዮዎች የባርግን ገጾች ከአቧራ አነሡ፤ መጽሐፉ በ2003 እንደገና ታተመ። ተማሪዎቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ገጾቹን የሚገለብጡት በእርሳስ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ሥዕል ዐውደ ርእይ ጎራ ብለው አንድ ጥቁርና ነጭ የሰው ገላ ንድፍ ሲገጥምዎ ከፊቱ ብቻ ቆመው አይመለሱ። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ይሂዱና ብርሃኑን አግድመው ይዩት። ጥላው እንደ ጥላሸት ፈዞ ከቀረ ከሰል ወይም ጠመኔ ነው። ካብለጨለጨ እርሳስ ነው።